የአስተርጓሚ ያለህ! ከሐረር የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከሐረር ነው፣ በግንብ ከታጠረችው ከአሮጌዋ ከተማ፣ ከጁገል ውስጥ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አልፎ አልፎ ትንንሽ የሥነ ጽሑፍና የሥነ ጥበብ ምሽቶች እናዘጋጃለን። አዳራሻችን አብዛኛውን ጊዜ የአንዳችን ግቢ ነው። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ሻይ ይፈላል፣ ግጥም ይነበባል፣ ሥዕል ይታያል፣ ከዚያ ጨዋታው እስኪበቃን ይቀጥላል። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ክፉኛ አስቸገረን። ከአረብኛ ወደ ጣሊያንኛ፣ ያውም ስለ ግጥምና ስለ ጥበብ፣ የሚያስተረጉም ሰው አጣን። ፍለጋው ያሳየኝን ነገር በባህል ቢሮና በዩኒቨርሲቲ ያላችሁ አንባቢዎች እንድትሰሙት ስለምፈልግ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ጣሊያናውያን የሐረርን የአረብኛ የእጅ ጽሑፎች ለማየት መጡ። ሥራቸው የቆየ መጽሐፍ መጠገን ነው፤ የተቀደደ ወረቀት፣ የተላቀቀ ጥራዝ፣ ብል የበላው ቆዳ ያክማሉ። በዚያው ሰሞን አንድ ሱዳናዊ ኸጣጥ፣ ማለትም የአረብኛ ፊደል ጥበበኛ፣ እኛ ዘንድ ነበር። ገጣሚም ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 አገሩ ላይ ጦርነት ሲነሳ ቤቱን ጥሎ ወጥቶ አሁን አዲስ አበባ ይኖራል። እሱ የሚናገረው አረብኛ ነው፣ እነሱ ጣሊያንኛ። እንግሊዝኛ ሁለቱም ወገን አላቸው፤ ግን የሆቴልና የታክሲ እንግሊዝኛ ነው፣ ስለ ቀለም አፈላልና ስለ ግጥም ምት የሚያስወራ አይደለም። እኛ ደግሞ እነዚህ ሰዎች አንድ ምሽት አብረው ቁጭ ቢሉ ብለን ጓጓን።

ለምን እንደጓጓን ልንገራችሁ። የሐረር የእጅ ጽሑፎች የተጻፉበት ወረቀት ከየት የመጣ ይመስላችኋል? እዚህ አገር ወረቀት አይሠራም ነበር። በባሕር ተጭኖ፣ ከወደብ በግመል ተጓጉዞ ነው የሚደርሰው። ብዙው ደግሞ የጣሊያን ወረቀት ነው፣ ከቬኒስ አካባቢ ለምሥራቁ ገበያ ተብሎ እየተሠራ የሚላክ። አንዱን ቅጠል ቀስ ብላችሁ ወደ መስኮት ብርሃን ብትይዙት፣ ከቀለሙ ሥር ሦስት ግማሽ ጨረቃዎች ከትልቁ ወደ ትንሹ ተሰልፈው ይታያሉ። የፋብሪካው ምልክት ነው፣ ወረቀቱ ገና እርጥብ እያለ የታተመ። ከጨረቃዎቹ በላይ የሐረር ጸሐፊ በቀለሙ በአረብኛ የጻፈው መስመር አለ። ሰው ይህን በዓይኑ እያየ የወረቀቱን አገር ሰውና የፊደሉን ባለሙያ አንድ ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥ እንዴት አያምረው? ጣሊያኖቹ ስለ ወረቀቱ ያውቃሉ። ኸጣጡ ብዕሩ የት ላይ እንደተጫነ፣ ጸሐፊው የት ላይ እንደደከመው አይቶ ይናገራል። የጎደለው በመካከላቸው የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነበር።

ታዲያ ፍለጋ ጀመርን። መጀመሪያ የሰማነው መልስ «አቦ፣ ሐረር ላይ አረብኛ የሚችል ሰው ይጠፋል እንዴ!» የሚል ነው። እውነት ነው፣ አይጠፋም። ግን አረብኛ ሁሉ አንድ አይደለም። መድረሳ የተማረው ልጅ የኪታቡን አረብኛ ያውቃል፣ ፊቅህ፣ ማለትም የእስልምናን ሕግ፣ ያውቃል፣ የመውሊድ ግጥም በቃሉ ይወጣዋል፤ ሱዳናዊው በአገሩ አነጋገር ቶሎ ቶሎ ሲያወራ ግን ግማሹ ያመልጠዋል። ሳዑዲ ወይም ሌላ የባሕረ ሰላጤው አገር ሠርታ የተመለሰችው እህታችን ደግሞ የቤትና የገበያውን አረብኛ እንደ ውሃ ታፈስሰዋለች። የተጻፈ ግጥም ብትሰጧት ግን በዚያ ቋንቋ ማንበብ ያስተማራት የለም። ድሬዳዋ ከየመን የመጡ ቤተሰቦች ልጆች አሉ። እነሱ ዘንድ የቤቱም የመጽሐፉም አረብኛ አንድ ላይ ይገኛል፣ ቁጥራቸው ግን እያነሰ ነው። ከእነዚህ ሁሉ መሀል ዘመናዊ ግጥም ለደስታው ብሎ የሚያነብ ሰው ስትፈልጉ ጣት ላይ የሚቆጠር ይሆናል።

የጣሊያንኛው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ፈረንሳይኛ ብንፈልግ አይቸግረንም ነበር። ድሬዳዋን የወለዳት የፈረንሳዮች ባቡር ነው፣ በምድር ባቡሩ ያገለገሉ አባቶች ቋንቋውን ለልጆቻቸው አውርሰዋል። ሐረርም የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት ስላለ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ እንግዳ ሲመጣ የሚቀበለው አያጣም። ጣሊያንኛን በልጅነታቸው የለመዱት ሽማግሌዎች ግን አብዛኞቹ አልፈዋል። የቀሩት አዲስ አበባ የጣሊያን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ኤርትራ ያደጉ ወይም ጣሊያን ኖረው የመጡ ናቸው፤ ከነዚህ ውስጥ አረብኛም የሚያውቅ እኛ አላገኘንም።

«አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት አለ አይደል፣ ከዚያ አስመጡ» ያሉንም ነበሩ። የኅብረቱ ቋንቋዎች አረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽና ስዋሂሊ ናቸው። ጣሊያንኛ የለበትም። የተባበሩት መንግሥታት ስድስት ቋንቋዎች ውስጥም አረብኛ አለ፣ ጣሊያንኛ የለም። ስለዚህ በስብሰባ ኑሯቸውን የመሠረቱት ምርጥ የአረብኛ አስተርጓሚዎች ወደ እንግሊዝኛና ወደ ፈረንሳይኛ እንጂ ወደ ጣሊያንኛ የሚሠሩበት አጋጣሚ የላቸውም። ችግሩ የሐረር ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባን።

በመጨረሻ አንድ የትርጉም ድርጅት «አለን» አለ። ደስ አለን። ግጥሞቹን አስቀድመን እንላክለት ስንል «ባለሙያ ነው፣ አያስፈልገውም» አሉን። ደጋግመን ጠየቅን፣ መልሱ ያው ነው። ሰውዬው በአውሮፕላን ድሬዳዋ ገብቶ፣ ከዚያ የሐረርን ዳገት ወጥቶ፣ ማታውኑ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ጨዋ ሰው ነው። ሁለቱንም ቋንቋ ይችላል፣ ይህን አልክድም። የሠራው ግን የንግድ ውልና የፍርድ ቤት ወረቀት ነው።

ኸጣጡ ግጥሙን ማንበብ ጀመረ። ስለ ካርቱም ነው፣ ሁለቱ አባዮች ስለሚገናኙበት ቦታ፣ ጥሎት ስለወጣው የመጻሕፍት መደርደሪያ። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። አንድ ክፍል ጨርሶ ቆም አለና አስተርጓሚውን አየው። አስተርጓሚው ወደ ጣሊያኖቹ ዞረና አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ከዚያ ዝም። ጣሊያናዊቷ የቀረ ነገር አለ ብላ ጠበቀች። የለም። ኸጣጡ ያ ሁሉ መስመር ወዴት እንደገባ ግራ ገብቶት እኛን አየን። ምን ብሎላቸው እንደሆነ በኋላ ስንጠይቅ «አገሩን እንደሚናፍቅ ነገርኳቸው» አለን። ውሸት አይደለም። ሰውዬው ግን ያን ሁሉ የጻፈው አገሬ ናፈቀኝ ለማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግጥም ባላስፈለገው ነበር። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ክፍል እንደዚያው ሆነ። ከዚያ ኸጣጡ ወረቀቱን አጠፈና «ይበቃል» አለ። በእንግዳ ፊት እንደዚያ ሲሆን ማየት ያማል። ሰውየውን አልወቅስም፤ ያላየውን ግጥም ቆሞ ይመልስ ዘንድ ማንም ሊያዘው አይገባም ነበር። የምወቅሰው ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሁሉን ያስተረጉማል የሚለውን አስተሳሰብ ነው፣ ይሄ ደግሞ ድርጅቱ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም።

እንግዶቹ ገና ጥቂት ቀን ስለነበራቸው ሌላ መንገድ ሞከርን። ለናንተ እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄኛው ነው።

ሁለቱንም የሚችል አንድ ሰው መፈለጉን ተውነው። በምትኩ ሁለት ሰው ያዝን። አንደኛው የኛው የሐረር ልጅ ነው፣ ወጣት ኡስታዝ። መድረሳ ተምሮ አድጓል፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ የዛሬ ዘመን የአረብ ገጣሚዎችን ከስልኩ ላይ እያነበበ ነው የሚያመሸው። ሁለተኛዋ አዲስ አበባ የጣሊያን ትምህርት ቤት የተማረች፣ አሁን ድሬዳዋ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ልብ ወለድ ካገኘች እንቅልፍ የላትም። እሱ ከአረብኛ ወደ አማርኛ፣ እሷ ከአማርኛ ወደ ጣሊያንኛ። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። በትልልቅ ጉባኤዎችም ቋንቋ አልገጥም ሲል እንደዚህ በሦስተኛ ቋንቋ በኩል ይሠራል፤ እኛ የፈጠርነው ዘዴ አይደለም።

ጉዳቱን አልደብቅም። ጊዜ ይበላል። አንድ ቀልድ ሁለት ቋንቋ አቋርጦ ሲደርስ ሳቁ ይቀዘቅዛል። የመጀመሪያው ሰው ከተሳሳተ ሁለተኛዋ ስህተቱን ይዛ ነው የምትሄደው። ስለዚህ በመሀል ያለው አማርኛ ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ኡስታዙ ያልገባው ነገር ካለ ኸጣጡን ጠይቆ አጣርቶ ነው የሚያሳልፈው እንጂ በግምት አይደፍንም።

ግን ያልጠበቅነው ትልቅ ነገር መጣ። ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሰማ! በመጀመሪያው ምሽት አረብኛው ወደ ጣሊያንኛ ሲሄድ የኛ ሰው በገዛ ቤቱ ባይተዋር ሆኖ ነበር። እናቶች ሻይ እያቀበሉ ፊት ብቻ ነው የሚያዩት። በሁለተኛው ምሽት እያንዳንዱ ነገር በአማርኛ ስላለፈ ሁሉም የጨዋታው ባለቤት ሆነ። ጣሊያናዊው የድሮ ወረቀት ከጨርቅ ቅዳጅ ይሠራ እንደነበር ሲናገር፣ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት የአያታቸውን የኪታብ ማኅደር አሠራር ማስረዳት ጀመሩ። ያ ደግሞ በሁለቱ ልጆች በኩል አልፎ ኸጣጡ ጋ ደረሰ፤ እሱም በአገሩ ያለውን ነገረ። አንድ ሽማግሌ በመሀል ዚክሪ፣ የሐረርን መንፈሳዊ ዜማ፣ አነሱ፣ ከበሮው ከረቡም ተመታ። እንግዶቹን የት እንዳሉ ማስረዳት አላስፈለገንም።

እንግዲህ የምለው ይሄን ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ለጥበብ ሥራ ከአረብኛ ወደ ጣሊያንኛ የሚያስተረጉም አንድ ብርቅ ሰው ስንፈልግ አንኑር። አማርኛን መሀል አስገብተን፣ ሐረሪንም ኦሮምኛንም ሶማልኛንም እንደ አድማጩ አድርገን፣ የራሳችንን ልጆች እናቀናጅ። የቀረው ዝግጅት ነው። ዝግጅቱ ደግሞ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ግጥም በቦታው አይተረጎምም፣ ይሄ ከሁሉም ይቀድማል። ቀደም ብሎ በጽሑፍ ይመለሳል፣ ሁለቱ ልጆች ከገጣሚው ጋር ቁጭ ብለው መስመር በመስመር ያዩታል። ምሽቱ ላይ ገጣሚው በቋንቋው ያነባል፣ ከዚያ የተዘጋጀው አማርኛና ጣሊያንኛ ከወረቀት ላይ ይነበባል። የሚያነበው ሰው ድምፅ ያለው ይሁን፣ አስተርጓሚው ራሱ መሆን የለበትም። በቦታው የሚተረጎመው ከግጥሙ በኋላ ያለው ጨዋታ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ተናጋሪው ሁለት ሦስት ደቂቃ ተናግሮ ቆም ሲል፣ አስተርጓሚው ማስታወሻ ይዞ። ይህን ለተናጋሪው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። የኛ ሰው ወሬ ሲጥመው ማቆም አይወድም፣ ሱዳናዊም እንደዚያው ነው።

ስለ ዕቃ የሚወራ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ያለበት ይኬድ። እኛ ልጆቹን የቆዩ የእጅ ጽሑፎች ወዳሉበት ወሰድናቸው። የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ለዚህ ትልቅ ሀብት ነው። የሐረር ጥራዝ ከኋላው ሽፋን ተቀጥሎ ወደ ፊት የሚታጠፍ የቆዳ ክዳን አለው። ቆዳው ላይ ጌጡ በማኅተም ተጭኖ ነው የሚወጣው። ገጹ ግርጌ ላይ ደግሞ የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ብቻውን ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ቅጠሎቹ ሲጠረዙ ተራቸው እንዳይዛባ ነው። ልጅቷ ይህን ሁሉ በጣቷ እያሳየች ከጣሊያኖቹ ጋር ስሙን በጣሊያንኛ አንድ በአንድ ለቀመች። ማታ ላይ አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። ቃሉን ከመዝገብ ብትፈልገው ኖሮ ክዳኑን ከሽፋኑ መለየት ባልቻለች ነበር።

ሰው ስትመርጡ ሰርተፊኬት ከማየት በፊት አንድ ገጽ አስነብቡት። አረብኛ ሲጻፍ አጫጭር አናባቢዎቹ አይጻፉም። ቁርኣን ላይ ምልክቱ ተሟልቶ አለ። ተራ ጽሑፍና ዘመናዊ ግጥም ላይ ግን አንባቢው ነው ከራሱ የሚያሟላው። ስለዚህ ሰው ያልገባውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ሲያነብ ወዲያው ይታወቅበታል፤ ቃሉን በሌላ ቃል ያነበዋል፣ ወይም መጨረሻውን ያድበሰብሰዋል። ኡስታዙን ያገኘነው በዚህ መንገድ ነው። ለጣሊያንኛው ደግሞ አንድ አጭር የአማርኛ ታሪክ አንብባችሁለት በጣሊያንኛ መልሶ ይተርከው፤ የሚያዳምጠው ጣሊያናዊ ይሁን፣ በስልክም ቢሆን ግድ የለም። መርዘሙ አይደለም የሚታየው፣ ሰውዬው ታሪኩ ውስጥ የሚያስቀውን ቦታ አስቆታል ወይ ነው።

በኢንተርኔት ጣሊያን አገር ካለ ሰው ጋር እያገናኛችሁ አሠሩ የሚሉም አሉ። ለቢሮ ስብሰባ ይሆናል። ለግጥም ምሽት ግን መብራቱም ኔትወርኩም የሚታመን አይደለም፣ ድምፁ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ ጨዋታው ይሞታል።

ድካሙንም አስቡት። ማስተርጎም ጭንቅላት የሚያልብ ሥራ ነው። በጉባኤ ላይ በጆሮ ማዳመጫ የሚያስተረጉሙት በየሃያ ሠላሳ ደቂቃው ከባልደረባቸው ጋር የሚቀያየሩት ለቅንጦት አይደለም። እኛ አገር ግን አስተርጓሚውን ከጠዋት እስከ ማታ ይዘነው እንዞራለን። ምሳ ላይ እንኳ ሌላው ሲበላ እሱ ያስተረጉማል፣ ምግቡ ፊቱ ይቀዘቅዛል።

ገንዘቡስ? ለአንድ ዝግጅት ባነር ይታተማል፣ ቲሸርት ይሠራል፣ መስተንግዶው ይሟላል። አስተርጓሚ የሚል የበጀት መደብ ግን የለም። ስንጠይቅ «ከልጆቹ አንዱ ያግዛችሁ የለ» ይባላል። ግጥሙን ለመተርጎም የታመሸበት፣ ሙዚየም የተዋለበት ሁሉ የሥራ ሰዓት ነው፣ ሊከፈልበት ይገባል። ካልተከፈለ ልጆቹ ነገ ሌላ እንጀራ ፍለጋ ይሄዳሉ፣ ማን ይፈርድባቸዋል?

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልለፍ፣ ምክንያቱም አንድ ወዳጄ «የወራሪ ቋንቋ ለምን ያስጨንቅሃል?» ብሎኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936 ሐረር ከአየር በቦምብ ተደብድባለች፣ በግንቦት ደግሞ የፋሺስት ጦር ገብቶ እስከ 1941 ተቀምጧል። ያንን የሚረሳ ሐረሬ የለም። ግን ወዳጄ የዘለለው ነገር አለ። ስለኛ የተጻፈው ብዙ ነገር ያለው በዚያው ቋንቋ ነው።

የኢማም አህመድን ዘመቻ የጻፈውን የአረብ ፈቂህን ታሪክ ሐረር ውስጥ የማያውቀው የለም። በአረብኛ የተጻፈ የአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ቼዛሬ ኔራዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪምና ዲፕሎማት ከአንድ የአረብኛ ቅጂ ወደ ጣሊያንኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1891 ሮም ላይ አሳትሞታል። ይኸው ሰው ከአድዋ ድል በኋላ በ1896 አዲስ አበባ መጥቶ የሰላሙን ውል በጣሊያን በኩል የፈረመ ነው። ሮቤኪ ብሪኬቲ የሚባለው ተጓዥ በ1880ዎቹ መጨረሻ ሐረርን አይቶ በ1896 ያሳተመው መጽሐፍም በጣሊያንኛ ነው። ኤንሪኮ ቼሩሊ ደግሞ በወረራው ዘመን የቅኝ አስተዳደሩ ከፍተኛ ሹም ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ስለ ሐረሪ ቋንቋና ስለ ከተማዋ ታሪክ የጻፈው ትልቅ ጥናት በ1936 ሮም ላይ ወጥቷል፣ ያውም ከተማዋ በተደበደበችበት ዓመት። ያው ሰው በ1949 የጣሊያናዊው ገጣሚ የዳንቴ ትልቁ ግጥም ከእስላማዊው የመዕራጅ (የነቢዩ ወደ ሰማይ መውጣት) ትረካ ጋር ያለውን ዝምድና የሚመረምር ሥራ አሳትሟል። የአረብኛና የጣሊያንኛ ሥነ ጽሑፍ ዝምድና በአውሮፓ ትልቅ ክርክር የነበረበት ጉዳይ ነው።

ይህን ሁሉ የኛ ልጅ ማንበብ አለበት። አንብቦ የሚስማማበትን ይቀበል፣ የማይስማማበትን ደግሞ በማስረጃ ይሞግት። የወረረን ሰው ስለ አያቶቻችን ቋንቋ የጻፈውን ሳናነብ እንዴት ነው የምንመልስለት? ስለዚህ ለኔ የጣሊያንኛ አስተርጓሚ ማፍራት ቱሪስት የመቀበል ጉዳይ አይደለም። ጣሊያኖቹ ራሳቸው አማርኛንም አረብኛንም ያስተምራሉ፤ ኔፕልስ ያለው ሎሪየንታሌ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ በዚህ የታወቀ ነው። ትሪየስቴና ፎርሊ ላይ ደግሞ ተርጓሚና አስተርጓሚ የሚሠለጥንባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። እነሱ እኛን ለማንበብ ይህን ያህል ሲተጉ እኛ ደግሞ የመድረሳው አረብኛ እያለን፣ ጁገል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግባ፣ የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድም በ2023 ተጨምሮላት፣ እንግዳ ሲመጣ ዝም ብለን እንተያያለን።

ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲና ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የትምህርት ክፍል ክፈቱ እያልኩ አይደለም። ለጥቂት ልጆች የማታ የጣሊያንኛ ትምህርት መጀመር ግን ከባድ አይመስለኝም። አረብኛቸው የደረሰ፣ ንባብ የሚወዱ ልጆች ይመረጡ። ሴቶቹ እንዳይረሱ፤ ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶች የሚናገሩት አረብኛ አላቸው፣ የጎደላቸው ንባቡ ነው፣ እሱ ደግሞ ይማሩታል። አዲስ አበባ ያለው የጣሊያን የባህል ተቋምም ቢጠየቅ አስተማሪም መጽሐፍም ለመላክ ፊት የሚነሳ አይመስለኝም። የሐረሪ ክልልና የድሬዳዋ ባህል ቢሮዎች ደግሞ በሚቀጥለው በጀት ላይ የአስተርጓሚ ክፍያ የሚል አንድ መስመር ያስገቡልን።

ከጋዜጣችሁም የምጠይቀው አለኝ። ድሬዳዋና ሐረር ያላችሁ፣ ጣሊያንኛ የምትናገሩ ሰዎች ካላችሁ፣ ሽማግሌም ሁኑ ወጣት፣ ለጋዜጣው ጻፉና አሳውቁን። ያደግነው በጣሊያንኛ ነው የምትሉ፣ ጣሊያን ኖራችሁ የተመለሳችሁ፣ ትምህርት ቤት ተምራችሁት የተዋችሁት ሁሉ። ሥነ ጽሑፍ የምትወዱ ከሆነ በተለይ እናንተን ነው የምንፈልገው። ኸጣጡ ከሚቀጥለው ሹዋሊድ በኋላ ተመልሶ እንደሚመጣ ነግሮናል፣ ጣሊያኖቹም አዲስ ግጥሞቹን ከወዲሁ እንድንልክላቸው ጠይቀዋል። ኡስታዙ አማርኛውን ጀምሮታል። ጣሊያንኛው ላይ ግን ያቺ ልጅ ብቻዋን ናት፣ አብሯት የሚያነብና የሚያርም አንድ ሰው እንኳ ብናገኝ በጣም ይረዳናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ
ሐረር፣ ጁገል